ባቡሩ ምንም በሌለበት ለምን ይቆም ነበር? የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የድሮ የሰዓት ሰሌዳ ሲብራራ

ልጅ ሆኜ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በባቡር ስንመጣ አንድ ነገር አይገባኝም ነበር። ባቡሩ ድንገት ይቆማል። ገበያ የለም። መንደር የለም። የሚወርድም የሚሳፈርም የለም። ግራር፣ ጠጠር፣ አንዲት ትንሽ ቤት፣ ባንዲራ የያዘ አንድ ሰውዬ፣ በቃ። ሃያ ደቂቃ ይቆማል፣ አርባ ደቂቃ ይቆማል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አክስቴ መልስ አታጣም። «ነጂው ቡናው አልፈላለትም» ትለኛለች። እኔም አምናት ነበር።

ዛሬም ስለ ለገሃር በተወራ ቁጥር ሁለት ነገር ይነሳል። አንደኛው ወገን «ድሮ ባቡሩ እንደ ሰዓት ነበር፣ ደቂቃ አያዛንፍም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ምን ሰዓት ነው! ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ነበር የሚፈጀው» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም አልተሳሳቱም። የሦስት ቀን ጉዞም በሰዓት ሰሌዳ የተጻፈ የሦስት ቀን ጉዞ ነው። ሰሌዳው ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ከገባን የአክስቴ ቡናም መልስ ያገኛል።

የየትኛውን ባቡር ነው የምናወራው?

አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄደውን አይደለም። የድሮውን ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ለገሃር የሚያበቃውን። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ «ጣቢያው» ማለት ነው። ድሬዎች ደግሞ ድርጅቱን «ሽመንደፈር» ይሉታል። እሱም ፈረንሳይኛ ነው፣ «የብረት መንገድ» ማለት። ስሙ ብቻ አይደለም፣ የሥራ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያንበለብል አዛውንት ካጋጠማችሁ፣ ባቡር ላይ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው። ዐፄ ምኒልክ መስመሩን የመዘርጋት ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ሰጡ። ከጉዳዩ ጀርባ የነበሩት አማካሪያቸው ስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኖ ናቸው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱን ሐረር ለማስገባት ነበር። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚወስደው ተራራ ለባቡር እጅግ ከባድና ውድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረና በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሆነ። «አዲስ ሐረር» ሊሏት ሞክረው ነበር፣ ስሙ አልያዘም።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፣ ሥራው ለዓመታት ቆሞ እንደገና ተጀመረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ ግን ከዚያ በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚህ ውስጥ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ጅቡቲ ውስጥ ነው። በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ይህቺን አንድ ሜትር አትርሷት።

የሰዓት ሰሌዳ ሲባል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አይደለም እንዴ?

እሱ አንዱ ነው። የባቡር ድርጅት ሁልጊዜ ሁለት ሰሌዳ አለው።

አንደኛው ለመንገደኛ የሚለጠፈው ነው። ባቡሩ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይነሳል፤ እዚህና እዚያ ይቆማል፤ በዚህ ሰዓት ይደርሳል ይላል። ሁለተኛውን መንገደኛ አያየውም። ለነጂዎችና ለጣቢያ ሹሞች የሚታደል ነው። እዚያ ላይ የሚጻፈው የመንገደኛ ባቡር ብቻ አይደለም። የዕቃ ባቡሩ፣ የነዳጅ ፉርጎው፣ ሐዲድ የሚጠግኑ ሠራተኞችን የያዘው ባቡር፣ ባዶውን የሚመለሰው ሎኮሞቲቭ፣ ሁሉም አለ። ሎኮሞቲቭ ማለት ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የባቡሩ ራስ ነው።

አክስቴ የምታውቀው የመጀመሪያውን ሰሌዳ ነበር። ባቡሩን ያቆመው ሁለተኛው ነው።

ታዲያ ለምን ይቆማል?

መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ ነጠላ ሐዲድ።

የመኖሪያ ሰፈር ጠባብ ኮብልስቶን መንገድን አስቡት። አጥር ግራ፣ አጥር ቀኝ፣ አንድ መኪና ብቻ ታሳልፋለች። ከወዲያ ሌላ መኪና ከመጣ አንዱ ወደ ኋላ ሄዶ የሰው ግቢ በር ላይ ጥግ ይይዛል። መኪና ስለሆነ ይቻላል፤ ትንሽ መነታረክ ይኖራል፣ ያልፋል። ባቡር ግን ወደ ኋላ እሄዳለሁ ቢል ቀላል አይደለም፤ ፍሬን ሲይዝም ረጅም ርቀት ተንሸራቶ ነው የሚቆመው። ፊት ለፊት ተያይተው «አንተ ተመለስ» የሚባባሉበት ጊዜ የላቸውም።

ስለዚህ ጥጉ አስቀድሞ ይዘጋጃል። በመስመሩ ላይ እዚህም እዚያም ሐዲዱ ለሁለት ይከፈልና ትንሽ ሄዶ እንደገና አንድ ይሆናል። ይህ መተላለፊያ ይባል። አንዱ ባቡር በአንዱ ቅርንጫፍ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው በሌላው ያልፋል። በዚያች ትንሽ ቤት ፊት ያለው ያ ነው። ሰውዬውም ባንዲራ የያዘው ለዚሁ ነው። ሰው የማይኖርበት ቦታ ላይ የተሠራችውም ለመንገደኛ ተብላ ስላልሆነ ነው። በሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም መሐሉ ላይ ባቡር ከባቡር የሚያሳልፍ ቦታ ያስፈልጋል፣ በረሃም ቢሆን።

እንግዲህ የሰሌዳ አዘጋጁን ሥራ እናስብ። ወረቀት ውሰዱ። ከግራ ወደ ቀኝ ሰዓቶቹን ጻፉ። ከታች ወደ ላይ ደግሞ ጣቢያዎቹን፦ ከታች ጅቡቲ፣ ቀጥሎ አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ ድሬዳዋ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሃራ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ አቃቂ እያላችሁ እስከ አዲስ አበባ። ከጅቡቲ የሚነሳ ባቡር በወረቀቱ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ያዘመመ መስመር ይሆናል። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ወደ ታች ይወርዳል። ባቡሩ ሲቆም መስመሩ ጋደም ይላል፤ ሰዓቱ እየሄደ ቦታው ስለማይለወጥ ነው። ሁለቱ መስመሮች የግድ አንድ ቦታ ይሻገራሉ። ያ ነጥብ ሁለቱ ባቡሮች የሚገናኙበት ነው። ነጥቡ መተላለፊያ ባለበት ጣቢያ ላይ ካልወደቀ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

የባቡር ሰሌዳ ማዘጋጀት ማለት በአጭሩ ይህ ነው። መንገደኛው «መቼ እደርሳለሁ?» ይላል። አዘጋጁ «ከማን ጋር የት ላገናኝህ?» ይላል።

አንዱ ከዘገየስ?

ምሳሌ ልስጥ፣ ለማስረዳት ብቻ የፈጠርኩት ነው። አንድ ባቡር ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ፣ ሌላ ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ይሄዳል እንበል። ሚኤሶ ላይ 6 ሰዓት እንዲገናኙ ተጽፏል። ከድሬዳዋ የተነሳው ኤረር ላይ ተበላሸና አንድ ሰዓት ጠፋበት። ከአዋሽ የመጣው ምንም አልሆነም፣ በሰዓቱ ሚኤሶ ገብቷል። ግን መሄድ አይችልም። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አሁን ሁለቱም አንድ አንድ ሰዓት ዘግይተዋል። ከአዋሹ ጋር ድሬዳዋ አጠገብ ሊገናኝ የነበረ ሦስተኛ ባቡር ካለ እሱም ይዘገያል። የአንዱ ብልሽት ለሁሉም ይተርፋል።

መፍትሔ አለ። የመገናኛውን ቦታ መለወጥ ነው። የሚኤሶው ሹም ወደ ፊት ይደውልና «የኔን ባቡር ሙሉ ድረስ ልላከው፣ እዚያ ይተላለፉ» ይላል። ከወዲያ ያለው «እሺ፣ ያዝኩልህ» ሳይል ግን አንድም ሰው አይንቀሳቀስም። ሐዲዱ ሲዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦው አብሮ መዘርጋቱ ለጌጥ አልነበረም። ነጠላ ሐዲድ ላይ ሽቦው ከተቆረጠ ጣቢያዎቹ ይታወራሉ። ሽቦ ደግሞ ለአምባርም ለሌላም ይሆናልና በረሃ ላይ መቆረጡ የተለመደ ችግር ነበር።

ነጂው ታዲያ ቡና ቢጠጣም አይፈረድበትም። ምን ይሥራ? ከፊት የሚመጣውን እየጠበቀ ነው።

ጅቡቲ ለመድረስ እውነት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አዎ። ግን እስቲ በማስላት እንየው። 784 ኪሎ ሜትር በሦስት ቀን ማለት ሌት ተቀን ቢሄድ በሰዓት ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው። በቅሎም ስትሮጥ ትቀድመዋለች። ባቡሩ ግን እንደዚያ ዘገምተኛ አልነበረም። ሦስት ቀን የሆነው ማታ ማታ ስለሚተኛ ነው።

ጉዞው በሦስት ተቆርጦ ነበር። አንደኛው ቀን ከጅቡቲ ድሬዳዋ፣ ወደ 310 ኪሎ ሜትር። ሁለተኛው ከድሬዳዋ አዋሽ፣ ወደ 240። ሦስተኛው ከአዋሽ አዲስ አበባ፣ ወደ 230። ቁጥሩ ወደ አዲስ አበባ በቀረበ ቁጥር እያነሰ መምጣቱን አያችሁ? ምክንያት አለው። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ሐዲዱ ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ በቆላው ይሄዳል። ከአዋሽ በኋላ ግን ዳገቱ ይመጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን በኪሎ ሜትር አጭር፣ በድካም ረጅም ነው። ሎኮሞቲቩ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጎትታል።

እዚህ ላይ ያቺ አንድ ሜትር ትመጣለች። ጠባብ ሐዲድ ርካሽ ነው። ተራራውን ከመብሳት ይልቅ በጠባብ ኩርባ ዙሮት ማለፍ ይቻላል። ክፍያው ፍጥነት ነው፤ ኩርባ ላይ መሮጥ አይቻልም። ገንዘቡን ሲሠሩ ያተረፉት ሲጓዙ በሰዓት ተከፈለ።

ሌላው የእንፋሎት ነገር ነው። የዚያ ዘመን ሎኮሞቲቭ ውኃ አፍልቶ በእንፋሎቱ የሚሄድ ነው። ውኃ ሲያልቅበት ይቆማል። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለውን አገር የሚያውቅ ሰው ውኃ እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የጣቢያዎቹ ቦታ አንድም የመተላለፊያ፣ አንድም የውኃ ጉዳይ ነበር።

በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ሦስት ቀን ማንም ያማረረበት አይመስለኝም። ከባቡሩ በፊት ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ በበቅሎና በግመል ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበርና።

ማታ ለምን አይሄድም ነበር?

አለመሄዱ ስንፍና አይደለም። በዚያ አገር ዝናብ ሲዘንብ ደረቅ የነበረው አሸዋ ወንዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጎርፍ ይሆናል። ድሬዎች በከተማቸው የሚያልፈውን ደረቅ ወንዝ ደቻቱን ያውቁታል፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም። ጎርፉ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር ይዞት ይሄድና ብረቱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቀን ነጂው ያየዋል፣ ከእግዜር ጋር ይቆማል። ማታ አያየውም። ከብት ሐዲድ ላይ ይተኛል። ሽቦ ይቆረጣል፣ ብሎን ይፈታል። በየመሐሉ ለእርዳታ የሚደረስበት ከተማ የለም። ስለዚህ ሲመሽ ማቆም ብልህነት ነበር።

መቆሙ ደግሞ ከተማ ሠራ። ይህን ነገር ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል። ሦስት ቀን ሲሆን ሁለት ሌሊት አለ። አንዱ ድሬዳዋ፣ ሌላው አዋሽ። መንገደኛው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። አልጋ የሚያከራይ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ሻንጣ የሚሸከም ያስፈልጋል። አዋሽ ጣቢያ ያለው ቡፌ ደ ላ ጋር የዚያ ሌሊት ልጅ ነው። ባቡሩ አዋሽ ላይ ባያድር ኖሮ እዚያ ሆቴል ለማን ይሠራል? ድሬዳዋማ ጭራሽ ራሷ ናት የባቡሩ ልጅ። የጥገና ጋራዡ፣ የሠራተኛው ሰፈር፣ ከዚራ በዛፍ የተሸፈነው ጎዳና፣ ሁሉም ከሐዲዱ ጋር ነው የመጣው።

ሰሌዳው ከመርከብ ጋርም የተሳሰረ ነበር። ከአውሮፓ የሚመጣ ፖስታና መንገደኛ ጅቡቲ በመርከብ ይወርዳል። ባቡሩም በየቀኑ አይነሳም፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። መርከቡ በአንድ ቀን ከዘገየ ጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ስንት ቀን ቁጭ ማለት እንደሚኖርባችሁ አስቡት።

ደንቡ ግን ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በቸኮለ ጊዜ ሌሊት ይኬዳል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ጦር ፊት አገር ሲለቁ በልዩ ባቡር ተነሥተው በማግስቱ ጅቡቲ ገብተዋል። ልዩ ባቡር ማለት ሰሌዳ ላይ የሌለ፣ መስመሩ የሚለቀቅለት፣ ሌላው ሁሉ ጥግ ይዞ የሚያሳልፈው ባቡር ነው። መስመሩ ምን ያህል መፍጠን እንደሚችል የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ኋላ ምን ተለወጠ?

ሞተሩ ተለወጠ። በጣልያን ጊዜ ሊቶሪና የሚሏት መጣች። ሊቶሪና ለብቻዋ የምትሄድ፣ ሞተሯ ሆዷ ውስጥ ያለ፣ አውቶቡስ ሐዲድ ላይ የወጣ የሚመስል ናት። ውኃ አትጠይቅም። ቀላል ስለሆነች ትፈጥናለች። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ድሬዎች ኋላም «ኦቶራይ» ይሉት ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እየገቡ እንፋሎቱን አስወጡት። ናፍጣ ማለት ለውኃ መቆም ቀረ ማለት ነው። ሐዲዱም በወፍራም ብረት እየተተካ ሄደ። የሌሊት ጉዞም የተለመደ ሆነ። እኔ በደረስኩበት ዘመን ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት መድረስ ነበር የታወቀው።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ሐዲዱ ነጠላ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ የናፍጣው ባቡርም በረሃ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ሁሉም ባቡር አንድ ዓይነት ነበር?

አልነበረም፣ ሰሌዳ ስታነቡም መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ይህን ነው። ኤክስፕረስ የሚባለው በትልልቅ ጣቢያ ብቻ የሚቆም ነው። ሌላው በየጣቢያው እየቆመ ይሄዳል። ሦስተኛው ድብልቅ ነው፤ ፊት የዕቃ ፉርጎ፣ ኋላ የሰው ፉርጎ ተቀጥሎ አብሮ ይጎተታል። ድብልቁ ርካሽ ነው፣ ግን ዕቃ ሲያራግፍ አንተም አብረህ ትጠብቃለህ።

መተላለፊያ ላይ ማን ማንን ያሳልፍ የሚለውም በዚሁ ነው የሚወሰነው። ኤክስፕረስ ይከበራል። ዕቃ ጫኙ ጥግ ይይዛል። ሎሌ ለጌታ መንገድ እንደሚለቅ ማለት ነው።

በአንዱ ባቡር ውስጥ ደግሞ ማዕረግ አለ። አንደኛ ማዕረግ ፍራሽ ያለው ወንበር፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው የእንጨት አግዳሚ። እኛ ሁሌ ሦስተኛ ነበርን። ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ የማይጫን ነገር አልነበረም። ኤረር ስንደርስ ብርቱካን በመስኮት ይገባል። ፍየል በበር ይገባል። አክስቴ ከድሬዳዋ የምታመጣው ጨርቅ ደግሞ በየት እንደሚገባ እስካሁን አልገባኝም፣ ብቻ ፊናንሶቹ፣ ማለትም የጉምሩክ ፈታሾቹ፣ ሲመጡ ከወትሮው ወፈር ብላ ነው የምትታየው። ያ ፍተሻ ራሱ ሌላው የመዘግየት ምክንያት ነበር። ሰሌዳው ላይ 15 ደቂቃ የተጻፈለት ጣቢያ በፊናንስ ፍተሻ ሰዓት ይሆናል። በኋለኞቹ ዓመታት ጣሪያ ላይ የሚጓዘውን ሰው ማውረድ ሌላ ሰዓት ነው።

ሰሌዳው በማን ሰዓት ነው?

የድሮ ሰሌዳ እጃችሁ ከገባ የምትስቱት እዚህ ላይ ነው። በፈረንሳይኛ የተጻፈው ሰሌዳ በፈረንጅ ሰዓት ነው። 07.00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። 19.00 ካለ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ስሌቱ 6 መቀነስ ነው፤ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከተረፈ እንደገና 12 ቀንሱ፤ ሰዓቱ ከ7 በታች ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 12 ጨምሩ። እስከዚህ ቀላል ነው።

የሚያደናግረው ሌሊቱ ነው። ሰሌዳው «ማክሰኞ 02.00» ይላል። ለኛ ይህ ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት አይደለም። ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ለፈረንጁ ማክሰኞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ገብቷል፣ ለኛ ገና አልነጋም። ይህን ሳያስተውል ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሄደ ሰው ባቡሩ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ምንም አይቀረውም። የቀን ቁጥሩም እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለት ጊዜ ማስላት ግድ ነው።

ሰዓቱን ማካካስ አይቻልም ነበር?

የዘገየ ባቡር ነጂ ልቡ ይቸኩላል። ሜዳ ላይ ትንሽ መፍጠን ይቻል ይሆናል። ኩርባና ድልድይ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ቦታ የተወሰነ የፍጥነት ልክ አለ፣ እሱን መተላለፍ ክልክል ነው። ሰሌዳው የተሠራው በነዚህ ልኮች ላይ ነው።

ልኩ ሲጣስ ምን እንደሚሆን ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ ታይቷል። አንድ የመንገደኞች ኤክስፕረስ ድልድይ አጠገብ ካለ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት የከፉ አደጋዎች አንዱ ነው። በምክንያትነት የተጠቀሰው ባቡሩ ኩርባው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው።

ታዲያ ለምን ተቋረጠ?

በአንድ ቀን አልተቋረጠም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተዘጋ። ጅቡቲ በዚያው ዓመት ነፃ ወጣች፤ የፈረንሳይ ድርሻ ወደ እሷ ዞረና ድርጅቱ የሁለቱ አገሮች ሆነ። ሐዲዱ እያረጀ ሄደ። የጭነት መኪና በዛ። የጭነት መኪና ሰሌዳ የለውም፣ ሲሞላ ይነሳል፣ መተላለፊያም አይጠብቅም። ነጋዴው ወደዚያ ሄደ። ነጋዴው ሲሄድ ገንዘቡ ሄደ፣ ገንዘቡ ሲሄድ ጥገናው ቀረ፣ ጥገናው ሲቀር ባቡሩ ይበልጥ ዘገየ። 2000 ዓ.ም. ሲገባ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት አበቃ። ከድሬዳዋ ጅቡቲ ያለው እየተቆራረጠ ጥቂት ዓመት ቆየ፣ እሱም ቆመ።

አዲሱ ባቡር ላይ ይህ ሁሉ ቀርቷል?

አብዛኛው ቀርቷል። አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ኩርባዎቹም ሰፋፊ ናቸው። ስለዚህ የድሮው የሦስት ቀን መንገድ እጅግ አጥሯል። አዋሽ ማደር ቀርቷል። ጣቢያውም ለገሃር አይደለም፤ ከከተማ ዳር ፉሪ ለቡ ነው፣ እዚያ ለመድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ አለ።

ሐዲዱ ግን ድርብ የሆነው ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ብቻ ነው። ከአዳማ ወዲያ እንደ ድሮው ነጠላ ነው። ሬዲዮና መብራት የባንዲራውን ሰውዬ ተክተውት ይሆናል፣ ጠባቡ መንገድ ግን ያው ነው። ባለፈው ወደ ድሬ ስሄድ ባቡሩ ከመተሃራ በኋላ አንድ ምንም የሌለበት ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ቆመ። አጠገቤ የነበረ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ፈለገና «ምን ሆነ ደግሞ?» አለ። ሰዓቴን አየሁ። «ጠብቅ፣ ከፊት የሚመጣ አለ» አልኩት። አላመነኝም። ትንሽ ቆይቶ ኮንቴይነር የጫነ ረጅም ባቡር በመስኮታችን ያልፍ ጀመር፣ ፉርጎ በፉርጎ፣ ልጁም ይቆጥር ጀመር።